የዚያን ቀን ቁጥር

«አላየውም» ሲሉ ሰማኋቸው አባቴን። «ሎሁን እኔ አላየውም። እሰማዋለሁ እንጂ።»

ከፊታቸው የተቀመጠው እንግዳ ከከላላ በበቅሎ የመጣ ወዳጃቸው ነበር። እኔ ገና ልጅ ነኝ፤ ውሃ በጣሳ ይዤ በሩ ጥግ ቆሜያለሁ። ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ዘው ተብሎ አይገባም፣ ስለዚህ ወሬው ጋብ እስኪል ጠበቅሁ። እንግዳው መልስ ሰጠ። ረዘም ያለ መልስ ነበር፣ ድምፁም ዝቅ ያለ። ምን እንዳለ ግን አላስታውስም። ከዚያ አባቴ «ውሃው የት ቀረ?» አሉ፤ ገባሁ፤ ጣሳውን ባንድ ትንፋሽ ጨልጠው «ድገሚኝ» አሉኝ።

የቀረኝ ይኸው ነው። አባቴ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አኼራ ሄዱ። ነገሩን ለማንም አላወራሁትም፤ የሚወራ ነገር መሆኑንም አላወቅሁም።

አባቴ ልጆችን ቁርአን ያስቀሩ፣ ማለትም እያስነበቡ ያስተምሩ ነበር። ከሳቸው በኋላ ቦታውን የያዙት ታላቅ ወንድሜ ሼህ ሱሌማን ናቸው። ልጆቹ የዕለቱን ትምህርት ሎህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋሉ፤ ወንድሜ አይተው ያርማሉ፤ ልጁ በቃሉ ሲይዘው ሎሁን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፋል። እሳቸው ሳያዩት የሚታጠብ ሎህ የለም። እኔ አስያ ታናሽ እህታቸው ነኝ። ከሳዑዲ ከተመለስኩ ወዲህ እዚሁ መካነ ሰላም እሳቸው ግቢ ነው የምኖረው። ክፍሌና ቁርአን ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። እኔን አስቀምጦ ያስቀራኝ ሰው የለም፤ የማውቃትን ትንሽ ያገኘኋት በዚያ ግድግዳ በኩል ሰምቼ ነው።

ነገሩ የጀመረው በመልካም ወሬ ነው። ወንድሜ ስልሳን ተጠግተዋል፣ ለንባብ ከገበያ የተገዛ መነጽር ማድረግ ከጀመሩም ቆይተዋል። ባለፈው በጋ ግን መነጽሩን ተዉት። ትንሿን ቁርአን ጠጋ አድርገው ያለ ምንም ነገር ያነቡ ጀመር። አልታየች የምትባለው ጎረቤታችን በአጥር ላይ አይታቸው፣

«ሼሁ፣ ዓይንዎ ወደ ጎረምሳነቱ ተመልሷል እኮ። ሚስት ሊያገቡ ነው መሰለኝ» አለቻቸው።

«አንቺ ደግሞ። አልሃምዱሊላህ በይ» አሏት እየሳቁ።

«አልሃምዱሊላህ ብያለሁ። ሠርጉን ግን ሳልጠራ እንዳይቀር።»

ወሬው ሰፈሩን ዞረ። የቁርአን ሰው ነውና በረካው ነው ተባለ፤ እኔም ብያለሁ። ሩቁ ግን እየጠፋባቸው ነበር። አንድ የገበያ ቀን ከወግዲ የመጣ እህል ነጋዴ አማቻቸው መስሏቸው መንገድ ዳር አቁመው ስለ ልጆቹ በየስማቸው ጠየቁት። ሰውዬው ጨዋ ነበር፤ የማያውቃቸውን ልጆች ሁሉ «ደህና ናቸው» እያለ አሳለፋቸው።

በሚያዝያ ለዓይን ዘመቻ የመጡ ባለሙያዎች ለኳቸውና አንዲት ወረቀት ሰጧቸው። ለቀኝ ዓይን አንድ መስመር፣ ለግራ አንድ መስመር። በሁለቱም ላይ መጀመሪያ አጭር ጭረት፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ሃምሳ። የወንድሜ ትንሿ ልጅ ፈርሂያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ጅዳ ለምትሠራው እህቷ ለጁማና ላከችላት። ጁማና በድምፅ መለሰች፦ «አባ፣ እኔ አሠርቼ እልክልዎታለሁ፣ ምንም እንዳያስቡ።» ወንድሜ ያንን ድምፅ ደጋግመው አስከፍተው ሰሙት።

መነጽሩ ሳይመጣ ሰኔ ገባ። ወንድሜ በጣም ከስተው ነበር፤ እኛ የኑሮ ነው አልን። አንድ ቀን ለዙሁር ሶላት ታጥበው ውዱእ ሲያደርጉ ወደቁ። ሆስፒታል ስናደርሳቸው ስኳር ነው ተባለ፣ ክኒን ታዘዘላቸው። ዋጡ። ጥማቱ ቀነሰ፣ ጉልበታቸውም ተመለሰ። ዓይናቸው ግን በተቃራኒው ሆነ። ማዶ ጋራው ላይ ያለውን የሰው ቤት በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ይለያሉ፤ እጃቸው ላይ ያለውን ሎህ አይለዩም።

«ቀለሙ እርጥብ እጅ እንደነካው ይዘረጋብኛል» አሉኝ። የድሮው የገበያ መነጽርም አልበቃ አላቸው። ማዶውን ማየት ለቁርአን አስቀሪ ምን ይሠራለታል?

በሐምሌ ከጅዳ የተመለሰች የሰፈር ልጅ መነጽሩን ይዛ መጣች። ጠርዙ ቀጭን፣ ማኅደሩ የሚያብለጨልጭ፣ ልጅ ለአባቷ የመረጠችው መሆኑ ያስታውቃል። ወንድሜ ቢስሚላህ ብለው አደረጉት። ወደ ሎሁ አዩ፣ ወደ በሩ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አወለቁትና ወደ ማኅደሩ መለሱት። ለጁማና «ደርሶኛል ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» ብለው አስላኩ። ጥሩ ነው አላሉም፤ ውሸት አይናገሩም።

እሳቸው ለሶላት ሲወጡ መነጽሩን አንስቼ አንድ ሎህ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ጽሕፈቱ አነሰ። የገበያውን መነጽር እንደዚያው ስይዘው ጽሕፈቱ አደገ። ሁለቱ ተቃራኒ መሆናቸው ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ጥቂት ሳምንታት ቆይተው አንድ ጠዋት ደስ ብሏቸው አገኘኋቸው። ትንሿን ቁርአን በእጃቸው ይዘዋል፣ መነጽር የለም። «ተመለሰልኝ» አሉ። የጅዳው መነጽርም እሺ አለ፤ አድርገውት በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን በየስሙ ሰላም ይሉ ጀመር። ፈርሂያ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም ሹክር አደረስኩ።

ግን ግድግዳው አለ። ከወዲህ ሆኜ ስሰማ አንድ ልጅ ይቀራል፣ መሐል ላይ ወንድሜ «ፈርሂያ፣ ውሃ» ይላሉ። ልጁ ይቀጥላል፣ ጥቂት ሳይሄድ «ውሃ»። ሥራዬን ይዤ ነበር፤ እጄ ቆመ። ያንን አጠራር አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ከየት እንደማውቀው አልመጣልኝም።

ከዓሱር ሶላት በኋላ ሄድኩባቸው።

«ጋሼ፣ ክኒኑን እየዋጡ ነው?»

ትንሿን ቁርአን ዘግተው አስቀመጧት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የተዉት?»

«ተቀመጪ እስቲ» አሉኝ። «ፍረጅኝ። ክኒኑን ሳልጀምር አነብ ነበር?»

«ያነቡ ነበር።»

«ስጀምር ጠፋ?»

«ጠፋ።»

«ስተወው ተመለሰ። ያኔ እንቢ ያለኝ የልጄ መነጽርም እሺ አለ። እንግዲህ ዓይኔን የሚወስደው ምንድን ነው? አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ያሉት ሁሉ እኔም በዓይኔ ያየሁት ነው።

«ስኳሩስ?»

«ስኳሩን አላህ ያውቃል። መውሊድ ደርሷል አስያ። አባታችን በእጃቸው የገለበጡትን የመውሊድ ኪታብ ለሰው የማነበው እኔ ነኝ። ልጆቹም አሉ። ሎህ የማያይ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ምን ይሠራል? ካላየሁ ቤቱን እዘጋዋለሁ፤ ወላጆቹም ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ ይውሰዱ።»

በቁጣ አልነበረም። የደከመው ሰው እንደሚናገረው ነበር፣ ጭቅጭቁን እንድተወው እንደ መለመን። ተነስቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ ያቺን የሚያዝያ ወረቀት ከመነጽሩ ማኅደር ወስጄ ሆስፒታል ሄድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አግዳሚው ላይ ከብዙ ሰው ጋር ስጠብቅ ዋልኩ፤ ሕፃን ያዘለች፣ ዓይኑን በሻሽ የሸፈነ፣ የሚያንቀላፋ። ተራዬ ሲደርስ የዓይን ባለሙያዋ ምህረት የምትባል ልጅ ሆና አገኘኋት። እሷም ደክሟታል፤ ፈገግ ለማለት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«እትዬ፣ ታማሚዋ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም። ይህቺ ጭረት ምን እንደሆነች እንድትነግሪኝ ነው።»

ወረቀቱን አየችው። «ጭረቷ ሩቅ ለማያይ ሰው ናት። ቅርብ ለማያይ ሲሆን ደግሞ የመደመር ምልክት ይደረጋል። ቁጥሩ የመነጽሩን ኃይል ይናገራል።»

«ስለዚህ ነው ጽሕፈቱን የሚያሳንሰው?»

«እንዴት አወቁ?»

«ይዤ አየሁት።» ከዚያ ሁሉንም አወራሁላት፦ በጋውን፣ ሰኔን፣ ክኒኑን፣ መመለሱን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። «ታዲያ የለኩት ተሳስተው ነው?» አልኳት በመጨረሻ።

«አልተሳሳቱም። ለዚያን ቀን ትክክል ነበር።» ወንበሯን ወደኔ አስጠጋች። «ዓይን ውስጥ ባቄላ የምታክል ጥርት ያለች ሌንስ አለች። ስኳር በደም ሲበዛ እሷ ታብጣለች። ስታብጥ ሩቁ ይጠፋል፣ ቅርቡ ጥርት ይላል። ክኒን ሲጀመርና ስኳሩ ሲወርድ ሌንሷ ትለወጣለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቅርቡ ይጠፋል። እስክትረጋ ሳምንታት ትፈልጋለች። እሳቸው ሳትረጋ ተዉት።»

«ያለ መነጽር ማንበባቸውስ?»

«እሱ በሽታው ነበር፣ እትዬ።»

በረካ ያልነው።

«አሁን የሚያዩት ደስ ይላል» አለች፣ «ግን ስኳሩ እንዲህ ከቆየ ከዓይን በስተኋላ ያሉትን ደም ሥሮች ያበላሻል። እሱን መነጽር አይመልሰውም። ከቤተሰብ ስኳር የነበረበት ሰው አለ?»

የለም ልል አፌን ከፍቼ ጣሳው ታየኝ። በሩ ጥግ፣ እጄ ላይ፣ የሚቀዘቅዘው ጣሳ። «ድገሚኝ።»

«አባታችን» አልኳት። «ተመርምረው አያውቁም። ግን አባታችን።»

ወንድሜን ለማምጣት ብዙ መለመን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። አላስፈለገም። «መነጽሩን ታስተካክልልኛለች» ብለው መጡ፤ እኔም መነጽር ሳይሆን ሌላ ነገር እንደምትነግራቸው ብነግራቸው ጆሯቸው አልገባም። ምህረት መጀመሪያ ጣታቸውን ወግታ ስኳሩን ለካች፣ ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ራቅ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ ሦስት እግር ያላት አንዲት ምልክት በየመስመሩ ወደተለያየ አቅጣጫ እየዞረች፣ ከላይ ትልቅ ሆና ወደ ታች እያነሰች ትሄዳለች።

«አባባ፣ ማንበብ አያስፈልግም። እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ወደ ቂብላ» አሉ፤ ስንሰግድ ወደምንዞርበት።

የምህረት እጅ አየር ላይ ቀረ። «ቂብላ በየት በኩል ነው?»

«በመስኮቱ።»

«እሺ። ይህቺስ?»

«ጀርባዋን ለቂብላ ሰጥታለች።»

«ይህቺስ?»

«ወደ ሰማይ።»

ሳቋን መያዝ አቃታት። «ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ክፍል ስሠራ ቂብላ በመስኮቱ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«እንግዲህ አወቅሽ» አሉ ወንድሜ፣ ፈገግም አሉ። ከዚያ በታች ያሉት መስመሮች ግን አልታዩዋቸውም። ከባዱን የመለኪያ ፍሬም አፍንጫቸው ላይ አስቀምጣ መስተዋቱን አንድ በአንድ እየለዋወጠች «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ስትል ቆየች። ግንባራቸው ላበ። መጨረሻ ላይ «ሁለቱም አንድ ነው፣ ልጄ» አሏት፣ ደክሟቸው።

«ስንት ሆነ?» አልኳት።

«ከወረቀቱ ብዙም አልራቀም።»

ወንድሜ ወደኔ ዞሩ። «አየሽ? ከሚያዝያው ጋር አንድ ነው። ዓይኔ ደህና ነው።»

«አባባ፣ አንድ የሆነው ስኳርዎ ነው» አለች ምህረት ቀስ ብላ። «ሚያዝያ ላይ ከፍ ብሎ ነበር፣ አሁንም ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር የዛሬ ነው። ክኒኑን ሲጀምሩ ይለወጣል።»

«ታዲያ የኔ የራሴ ቁጥር ስንት ነው?»

«አላውቅም። ስኳሩ ሲረጋ ለክተን ነው የምናውቀው። እስከዚያ መነጽር አልጽፍልዎትም።»

«አትጽፊም?»

«ዛሬ ብጽፍ ገንዘብዎን መጣል ነው። ክኒኑን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፣ አንድ ወር፣ ምናልባት ሁለት። በመካከሉ ቅርቡ ይደበዝዛል፤ እንዳይደነግጡ። ሲረጋ ይምጡ።»

«መውሊድ አለብኝ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለች። በሩ ላይ የሚቀጥለው ሰው ቆሟል።

ስንመለስ ዝናቡ መሐል መንገድ ላይ ያዘን። የተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠለልን። ወንድሜ የጅዳውን መነጽር አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉት ነበር፤ ደርቆም ይጠርጉታል።

«ሁለት ወር» አሉ። «ሁለት ወር ሎህ ሳላይ ልጆቹ ፊት ልቀመጥ። ሰው ምን ይለኛል? አንድ ልጅ የተሳሳተ ይዞ ቢያድግ ነገ አላህ የሚጠይቀው ማንን ነው?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጦ፣ ከአፌ ሲወጣ እንዴት አጭር እንደነበረ።

«አባታችን በመጨረሻው ጊዜ ሎህ አያዩም ነበር፣ ጋሼ።»

«ማን አለሽ?»

«ራሳቸው ሲሉ ሰማሁ። ለከላላው እንግዳ። ‹አላየውም፣ እሰማዋለሁ እንጂ› አሉት።»

እጃቸው መጥረጉን ተወ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ከመንገዱ ጠፍቷል።

«ያኔ ከፊታቸው እቀራ ነበር» አሉ። «ሎሁን ስሰጣቸው ተቀብለው ዳር ዳሩን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ቀለሙ መድረቁን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ‹ቅራ› ይሉኛል።» ወደኔ ዞሩ። «እንግዳውስ ምን አላቸው?»

‹ለልጆቹ ንገራቸው አለ› ብል ያምኑኝ ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ አስተግፊሩላህ አልኩ በሆዴ።

«አላስታውስም» አልኳቸው።

«ምንም?»

«ምንም። ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ከዚያ አባታችን ውሃ ጠየቁ።»

«ውሃ።»

«ጣሳውን ጨልጠው ሌላ ጠየቁ። በዚያ ሰሞን ሁልጊዜ እንደዚያ ነበሩ።»

ወንድሜ መነጽሩን ወደ ማኅደሩ ከተቱት። «ብቻቸውን ነበሩ ማለት ነው» አሉ። «ይህን ሁሉ ልጅ ሰብስበው፣ እኔም ፊታቸው ተቀምጬ፣ ብቻቸውን።» ዝናቡ ሲያባራ ከፊቴ ሄዱ፤ ጭቃውን እየመረጡ፣ ቀስ ብለው።

ከዓሱር በኋላ ልጆቹ ሎሃቸውን ይዘው ገቡ። እኔ ክፍሌ ነበርኩ። እንደወትሮው ጫጫታው መጣ፣ ከዚያ የወንድሜ ጉሮሮ ማጥራት፣ ከዚያ ዝምታ።

«ፈርሂያ፣ ውሃ» አሉ።

ደነገጥኩ። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ፈርሂያ ውሃውን ሰጥታቸው ነበር፤ ወንድሜ ክኒኑን ከኪሳቸው አውጥተው ልጆቹ ሁሉ እያዩ ቢስሚላህ ብለው ዋጡ።

«መድኃኒት ነው» አሏቸው። «ስኳር አለብኝ። ዓይኔ ነገ ከነገ ወዲያ ሎህ ማየት እንቢ ይለኛል፤ እስኪረጋ ነው ብለዋል። ለቤታችሁ ንገሩ፤ የማይፈልግ ወላጅ ካለ አልቀየምም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ። ሎሁን አንቺ ታያለሽ። እኔ እሰማለሁ። ያጠራጠረሽን ጮክ ብለሽ ትነግሪኛለሽ፣ አታፍሪ።»

ፈርሂያ ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከኋላ አንዱ «እሷማ በጣም ታጠብቃለች» ሲል ተሰማ፣ ሌላው በክርኑ ጎሸመው።

«ሰምቻለሁ» አሉ ወንድሜ። «ጆሮዬ ደህና ነው።»

በሩ ላይ መቆሜን ያወቁት ያኔ ነው፣ ወይም ቀድሞም አውቀዋል።

«የመውሊዱን ኪታብስ፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

መሬት መሬቱን አዩ። ይሄ የከበዳቸው ነገር ነበር። ከአባቴ እጅ ከወጣ ጀምሮ ያንን ኪታብ ከሳቸው በቀር ሰው ፊት የከፈተው የለም።

«በየቀኑ ከዓሱር በኋላ ፈርሂያ ጥቂት ጥቂት ታነብልኛለች» አሉ። «በቃሌ የያዝኩትን ያህል እኔ እላለሁ፤ ያልያዝኩትን ከሴቶቹ መጋረጃ ወዲያ ሆና እሷ ታነበዋለች።»

«ለጁማናስ?»

«ለጁማና እኔ ራሴ እነግራታለሁ። መነጽሩ ይቀመጥ፤ የሆስፒታሏ ልጅ ለክታ እስክትነግረን።» እጃቸውን ለመጀመሪያው ልጅ ዘረጉ፣ ሎሁን ተቀበሉ፣ ለፈርሂያ አሳለፉት። «እሺ። ቅራ።»